ቴስቶስትሮን በኦንላይን፦ ርካሹ መቼ ይወደዳል፣ ውዱስ መቼ ያዋጣል?

አንድ ወዳጄ ስልኩን አቀበለኝና «እስቲ ከእነዚህ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ሁለቱም ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን በኦንላይን የሚያዝዙ ድርጅቶች ናቸው። የአንደኛው ወርሃዊ ክፍያ የሌላኛው ግማሽ ነው። እሱ በልቡ ጨርሷል፤ ከእኔ የፈለገው «በርታ» መባል ብቻ ነበር። ወረቀት አወጣንና የዓመቱን ደመርን። ርካሹ የደም ምርመራውን ለብቻ ያስከፍላል። ሐኪም ባነጋገርክ ቁጥር ያስከፍላል። መድኃኒቱን ራስህ ከፋርማሲ ግዛ ይላል፤ ሲሪንጁ፣ መርፌው፣ የአልኮል ጥጡ ሁሉ ከዚያ ውጪ ነው። ደምረን ስንጨርስ ርካሹ ከውዱ በልጦ ቁጭ አለ።

ከዋጋው በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። «ደምህን የተመረመርከው መቼ ነው?» አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ሳይተኛ፣ ከሰዓት በኋላ። በዚያች አንዲት ቁጥር ተነሥቶ ምናልባት ዕድሜ ልኩን የሚዘልቅ ሕክምና ሊጀምር ነበር።

ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ለመድኃኒቱ የሚከፍል ይመስለዋል። መድኃኒቱ ግን ከሁሉም ርካሹ ነገር ነው። የምትከፍለው አንድ ሐኪም በደንብ መርምሮ የማያስፈልግህ ከሆነ «አይሆንም» እንዲልህ፣ ከጀመርክ ደግሞ ደምህን እየተከታተለ መጠኑን እንዲያስተካክልልህ ነው። ይህ ከሌለ የቱም ዋጋ ውድ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ

በኦንላይን በብዛት የሚታዘዘው ቴስቶስትሮን ሳይፒዮኔት የሚባለው፣ በዘይት የተሟሟው መርፌ ነው። የቆየ መድኃኒት ነው። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ስለቆየ ብዙ አምራቾች ይሠሩታል። የተለመደው ዓይነት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 2000 ሚሊ ግራም አለው ማለት ነው። ሐኪሙ በሳምንት 100 ሚሊ ግራም አዘዘልህ እንበል፤ ከተለመዱት መጠኖች አንዱ ነው። በዓመት 5200 ሚሊ ግራም ትፈልጋለህ። በስሌት ሦስት ብልቃጥ እንኳን አይሞላም፤ ሁለት ተኩል ከምናምን ነው። በትንንሾቹ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከሆነ ደግሞ 26 ይሆናል።

አሁን አንድ ፋርማሲ ደውልና የብልቃጡን ዋጋ ጠይቅ። በዓመት በሚያስፈልግህ ቁጥር አባዛው። ያገኘኸውን ከድርጅቱ የዓመት ክፍያ ላይ ቀንስ። የቀረው ገንዘብ የሐኪም ሰዓት፣ የላብራቶሪ፣ የማጓጓዣና የትርፍ ነው። ያ ቁጥር ትልቅ ቢሆን አትደንግጥ፤ ሐኪምም ምርመራም ዋጋ አላቸው። ጥያቄው በዚያ ገንዘብ በዓመት ስንት የደም ምርመራ፣ ስንት ደቂቃ ከሐኪም ጋር ታገኛለህ የሚለው ነው። ለቀረው ገንዘብ የምታገኘው አንድ ፎርም መሙላትና በአራት መስመር መልእክት መመለስ ብቻ ከሆነ፣ ተጭበርብረሃል ባልልህም በጣም ተወዶብሃል።

ስታሰላ የመጀመሪያውን ዓመትና ሁለተኛውን ለየብቻ አስላ። መጀመሪያው ላይ የመመዝገቢያ ክፍያና ተደጋጋሚ ምርመራ አለ፣ የማስተዋወቂያ ቅናሽም ይኖራል። ሁለተኛው ላይ ቅናሹ ይጠፋል። ይህ ሕክምና ለሦስት ወር ተወስዶ የሚተው ኮርስ ስላልሆነ፣ በእኔ እምነት እውነተኛው ዋጋ የሁለተኛው ዓመት ዋጋ ነው።

ዋጋ ያለው ምርመራ ምን ይመስላል

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ጥሩውንና መጥፎውን ድርጅት የሚለየው ይህ ስለሆነ።

ቴስቶስትሮን በቀን ውስጥ ይዋዥቃል። ጠዋት ከፍ ይላል፣ ወደ ማታ ይወርዳል። ምግብ ከበላህ በኋላም ይቀንሳል። ስለዚህ የአሜሪካ የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሕክምና) ማኅበርም ሆነ የኢንዶክሪን (የሆርሞን ሕክምና) ማኅበር (ሁለቱም በ2018 ባወጡት መመሪያ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ እንደ ወሲብ ፍላጎት ማጣት ያሉ ምልክቶች መኖር አለባቸው፣ ደሙም በተለያየ ቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ላይ መለካት አለበት። ምልክት ያለ ቁጥር፣ ቁጥርም ያለ ምልክት በቂ አይደለም። የዩሮሎጂ ማኅበሩ «ዝቅተኛ» የሚለው በዴሲ ሊትር ከ300 ናኖ ግራም በታች ሲሆን ነው። ውጤትህ በናኖሞል በሊትር ከተጻፈ ይህ ወደ 10.4 ገደማ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ፣ ያውም በማንኛውም ሰዓት፣ መድኃኒት የሚልክ ድርጅት ካየህ ሌላውን ማወዳደር አያስፈልግህም። እለፈው።

ሁለተኛው ነገር ምን ምን እንደሚለካ ነው። ጠቅላላ ቴስቶስትሮን ብቻውን አንዳንዴ ያሳስታል። በደም ውስጥ ሆርሞኑን የሚሸከም ኤስኤችቢጂ የሚባል ፕሮቲን አለ። ውፍረት ባለበት ሰው ይህ ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ጠቅላላው ቁጥር ዝቅ ብሎ ይታይና በነፃ የሚዘዋወረው ቴስቶስትሮን ግን ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን አለ። ከአንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣና የዘር ፍሬን «ሥራ» የሚል ትእዛዝ ነው። ኤልኤች ከፍ ብሎ ቴስቶስትሮን ዝቅ ካለ ችግሩ የዘር ፍሬው ላይ ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ችግሩ ከላይ ነው፤ ያኔ ፕሮላክቲን የሚባል ሌላ የፒቱታሪ ሆርሞን ይታያል፣ አንዳንዴም የጭንቅላት ኤምአርአይ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፒቱታሪዋ ላይ የበቀለ እብጠት ሊኖር ይችላል። ይህን ሳይጠይቅ ቴስቶስትሮን የሚሰጥህ ሰው ምክንያቱን ሸፍኖ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያሳድግልህ።

እንቅልፍም እዚህ ይገባል። በ2011 በወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ያህል ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። ከፍተኛ የሕመም ማስታገሻዎች የሆኑት ኦፒዮይዶችም ያወርዱታል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ማንኮራፋትህ፣ ስለምትወስደው መድኃኒት ሳይጠይቅ አይለቅህም። የኦንላይን ድርጅት ይህን መጠየቅ አይከብደውም። ጥያቄዎቹ መጠይቁ ውስጥ አሉ ወይስ የሉም የሚለውን ማየት ነው፣ ከዚያ ደግሞ መልስህን ያነበበ ሰው መኖሩን።

የጣት ደም በቤት ወስደህ በፖስታ የምትልክበት ኪት ያላቸው አሉ። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ምቹ ነው። ለውሳኔና ለክትትል ግን ከክንድ ደም ሥር፣ በላብራቶሪ ቢወሰድ እመርጣለሁ። የዋጋ ልዩነቱ እዚህ ላይ ቢመጣ አልሸሽም።

አማራጮቹ

መደበኛ ሐኪምህ ወይም የሆርሞን ሐኪም፦ ኢንሹራንስ ካለህና ሕክምናውን የሚሸፍን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከኪስህ የሚወጣው ከሁሉም ያነሰ ነው። ታሪክህን ያውቃል፤ ስኳርህን፣ ደም ግፊትህን፣ ልብህን አብሮ ያያል። ጉዳቱ ቀጠሮው ነው፤ ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። ሌላው ችግር ሁሉም ሐኪም በዚህ ጉዳይ ምቾት አይሰማውም፤ «ዕድሜህ ነው» ብሎ የሚመልስህም አለ። ወንዶች ወደ ኦንላይኑ የሚሄዱት ስንፍና ሆኖባቸው አይደለም። ስለ ወሲብ ፍላጎት ማጣት ፊት ለፊት መናገር ከባድ ነው፣ ተናግሮ መናቅ ደግሞ የበለጠ ያማል። ይህን በደንብ እረዳለሁ።

ሁሉን ያካተተ ወርሃዊ ክፍያ፦ መድኃኒት፣ መርፌ፣ ምርመራ፣ ሐኪም፣ ማጓጓዣ በአንድ ዋጋ። በመርሳት ለሚቸገር ሰውና በጀቱን በእርግጠኝነት ማወቅ ለሚፈልግ ይሆናል። መጠየቅ ያለብህ «ሁሉን ያካተተ» ሲሉ በዓመት ስንት ምርመራ እንደሆነ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት አይበቃም። ደግሞ መጠንህ ከተረጋጋ በኋላ ሐኪሙን የምታገኘው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ያኔም ወርሃዊ ክፍያው እንደ መጀመሪያው ወር ይቀጥላል። ሁለተኛው ዓመት ላይ እንደገና አስላ ያልኩህ ለዚህ ነው።

በየአገልግሎቱ መክፈል፦ የወዳጄ «ርካሹ» ይህ ነበር። መጀመሪያ ላይ ይወደዳል፣ ከተረጋጋህ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይረክሳል፤ ምክንያቱም ሐኪሙን ሳታገኝ የሐኪም አትከፍልም። አደጋው ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ምርመራውን መዝለሉ ነው። ራስህን ታውቃለህ። የምትዘል ዓይነት ሰው ከሆንክ ይህን አትምረጥ።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ልዩነት አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። አንዳንዱ ድርጅት ማዘዣውን ወደ መረጥከው ፋርማሲ ይልክልሃል። ሌላው ራሱ ውል ካለው፣ መድኃኒት ቀምሞ ከሚያዘጋጅ ፋርማሲ ብቻ ይልካል። የመጀመሪያው ዋጋ እንድታማርጥ ያደርግሃል፤ የምታገኘውም በመድኃኒት ተቆጣጣሪ የጸደቀ ምርት ነው። በአሜሪካ የተቀመሙ መድኃኒቶች እንደ ፋብሪካው ምርት በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ተመርምረው አልጸደቁም። ሁሉም መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም። በምርጫው ግን እኩል ቢሆኑ፣ እኔ ማዘዣዬን ይዤ የምሄድበትን እመርጣለሁ። ያለማዘዣ ከጂም ሰው ወይም ከማይታወቅ ድረ ገጽ መግዛትን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም። ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አይነግርህም፣ ደምህንም የሚያይልህ የለም።

ሕጉም ዋጋ አለው። በአሜሪካ ቴስቶስትሮን ከ1990 ሕግ ወዲህ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። በ2008 የወጣ ሌላ ሕግ እንዲህ ያለው መድኃኒት በኢንተርኔት ከመታዘዙ በፊት ሐኪሙ ታካሚውን በአካል እንዲያይ ያስገድዳል። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ይህ ለጊዜው ላላ፣ ከዚያም ደጋግሞ ተራዘመ። አገልግሎቶቹ የተስፋፉትም በዚህ ክፍት በር ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጨምር፤ «ነገ በአካል መታየት ግዴታ ቢሆን ምን ታደርጉልኛላችሁ?» ድርጅቱ የሚልህ ነገር ከሌለው፣ ሕክምናህ መሃል መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል።

መርፌ፣ ጄል ወይስ ሌላ

በዋጋ መርፌው ያሸንፋል። ጥቅሙም ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ በየሳምንቱ መውጋት አለብህ፣ በመርፌዎቹ መሃል ደግሞ ሆርሞኑ ከፍና ዝቅ ይላል። የሳምንቱን መጠን ለሁለት ከፍሎ በተለያየ ቀን መውሰድ ውጣ ውረዱን ያለሳልሳል።

ጄሉ በየቀኑ ጠዋት ትከሻ ላይ ይቀባል። ሕመም የለውም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለህ ደግሞ በደንብ አስብበት። ቀብተህ ሳይደርቅ ልጅህን ብታቅፍ ሆርሞኑ ወደ ልጁ ቆዳ ያልፋል። ያለ ዕድሜያቸው የብልት ፀጉር ያበቀሉ ሕፃናት ስለታዩ ነው በ2009 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በጄሎቹ ላይ ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያስጻፈው። እጅህን በሳሙና ትታጠባለህ፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፣ ሸሚዝ ትለብሳለህ፣ ልጁን ከዚያ በኋላ ታቅፋለህ። በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳትዘነጋ።

በአፍ የሚዋጥም አለ፤ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ የደም ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው እንክብል ከ3 እስከ 6 ወር ይቆያል፤ አንዴ ከገባ ግን መጠኑ በዛ ብለህ በቀላሉ አታወጣውም። በየ10 ሳምንቱ የሚሰጠው ረጅሙ መርፌ ደግሞ በአሜሪካ ከተወጋህ በኋላ ክሊኒክ ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየት ግዴታ ስላለው፣ በፖስታ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ልጅ መውለድ

ወዳጄን በመጨረሻ ሐሳቡን ያስቀየረው ይህ ነው። ከውጭ ቴስቶስትሮን ስትወስድ አንጎልህ «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ስፐርም ይቀንሳል፣ ከነጭራሹም ሊጠፋ ይችላል። ቀልድ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሳምንታዊ የቴስቶስትሮን መርፌን እንደ ወንዶች የወሊድ መከላከያ ያስሞከረው ለዚህ ነው፣ ውጤቱም በ1990 ታትሟል። ካቆምክ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱን ከዓመት በላይ ያስጠብቃል።

እሱ ሁለተኛ ልጅ ይፈልጋል። ባለቤቱም ትፈልጋለች። የሁለቱንም ድርጅት መጠይቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን አነበብን፤ ስለ ልጅ የሚጠይቅ መስመር አጣን። እንደ ክሎሚፊን ወይም ኤችሲጂ ያሉ፣ የራስን ምርት የሚቀሰቅሱ ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ሐኪም የሚወስናቸው ናቸው። ያንን ጥያቄ ሳይጠይቅህ የባንክ ካርድህን የሚጠይቅ ድርጅት ግን ዋጋው በነፃ ቢሆን እንኳን ለልጅ ፈላጊ ሰው አይሆንም።

የምትጠብቀውን ልክ አውቀህ ግዛ

የድርጅቶቹ ገጾች ጉልበት፣ ጡንቻ፣ ደስታ፣ ትኩረት ሁሉንም ይሸጡልሃል። በ2016 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ 790 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ያለ ወንዶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። የወሲብ ፍላጎትና አቅም በመጠኑ ተሻሽሏል። ስሜታቸውም ትንሽ ተሻሽሏል። ድካም ላይ ግን የተጠበቀውን ያህል ግልጽ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ የምትከፍለው «ድካሜ ይለቀኛል» ብለህ ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ብታደርግ ገንዘብህ የተሻለ ቦታ ይውላል።

ስለ ልብ ደግሞ፣ በ2023 የወጣው ከ5200 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ብዙ ሰው አረጋግቷል። የልብ በሽታ ባለባቸው ወይም ለዚያ በተጋለጡ ወንዶች ላይ ቴስቶስትሮኑ ድንገተኛ የልብ ሕመምንም (ሃርት አታክ) ስትሮክንም፣ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ በላይ አልጨመረም። ሆኖም የልብ ምት መዛባት፣ ሳንባ ውስጥ የደም መርጋትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በቴስቶስትሮን ወሳጆቹ በዝተው ታይተዋል። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ጠቅሶ የሚያልፍ ድርጅት ሙሉውን እየነገረህ አይደለም።

ክትትሉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ደሙ ይወፍራል። የቀይ ሴሎቹን ድርሻ የሚያሳየው ሄማቶክሪት የሚባለው ቁጥር ከመጀመርህ በፊት፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት አለበት። ከ54 በመቶ ካለፈ ሕክምናው ይቆማል ወይም ይቀነሳል። እንደ ዕድሜህ ደግሞ ፒኤስኤ የሚባለው፣ ለፕሮስቴት የሚደረገው የደም ምርመራ አለ። ከመክፈልህ በፊት «ሄማቶክሪቴ 55 ቢመጣ ማን ይደውልልኛል፣ በስንት ቀን?» ብለህ ጻፍላቸው። የመልሱን ፍጥነትና ጥራት አስተውል፤ ገና ደንበኛ ሳትሆን ከዘገዩ፣ ከሆንክ በኋላ አይፈጥኑም።

ተጨማሪ ዕቃዎችን ተጠንቀቅ። ቫይታሚን፣ ፔፕታይድ፣ ለሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ቀን የሚታዘዝ አናስትሮዞል። ይህ የመጨረሻው ኢስትሮጅንን ይቀንሳል፤ ወንድም ለአጥንቱ ኢስትሮጅን ያስፈልገዋል። ችግር ሳይታይ ጥቅል ውስጥ ከተጨመረ ዋጋውን ለማሳደግ የገባ ነው ብዬ ነው የማስበው።

ከመፈረምህ በፊት ስለ መውጣት ጠይቅ

ስለ መጀመር ሁሉም በደስታ ይነግሩሃል። ስለ ማቋረጥ ግን ጽሑፉን በደንብ አንብብ። ክፍያው በራሱ ይታደሳል? ለማቋረጥ ስልክ መደወል ያስፈልጋል ወይስ በአንድ ቁልፍ ይሆናል? የሦስት ወር መድኃኒት ከተላከልህ በኋላ ብታቆም የሚመለስ ገንዘብ አለ? የምርመራ ውጤቶችህን ሙሉ ቅጂ ለሌላ ሐኪም እንድትወስድ ይሰጡሃል? ሕክምናውን ስታቆምስ የራስህ ምርት እስኪመለስ የሚከታተልህ ሰው አለ፣ ወይስ ካርድህ ሲቋረጥ ሐኪሙም ይቋረጣል?

ወዳጄ ከሁለቱ አንዱንም አልመረጠም። በእረፍት ሳምንቱ፣ በደንብ ተኝቶ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ጠዋት ባዶ ሆዱን ደም ሰጠ። ውጤቶቹን ይዞ የሆርሞን ሐኪም ቀጠሮ አስያዘ። ሐኪሙን የሚጠይቀውን በስልኩ ጽፎ አሳየኝ፤ የመጀመሪያው መስመር ስለ ልጅ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ሌሊት ፈረቃው፣ የዋጋ ጥያቄው አራተኛ ላይ ነው ያለው።